ፊደል የቈጠረ ሰው ዕዳ አለበት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



ነቢዩ ኢሳይያስ በትንቢቱ በምዕራፍ 29 ከቍጥር 11 እስከ 12 ስለ አንድ የታተመ መጽሐፍ ይነግረናል። መጽሐፉን ማንበብ ለሚያውቅ ሰው በሰጡት ጊዜ ማኅተሙን ምክንያት አድርጎ መለሰው። ማንበብ ለማያውቅ ሰው በሰጡትም ጊዜ አለመማሩን ምክንያት አድርጎ መለሰው። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ መጽሐፉ ግን ሳይነበብ ቀረ። ያልተማረው ሰው ምክንያቱ እውነት ነውና ማንም አይፈርድበትም። የተማረው ሰው ምክንያት ግን ሊመረመር ይገባዋል። ማኅተሙን ለመፍታት አልደከመም፤ የሚፈታለትንም ሰው አልፈለገም። ስለዚህ ማንበብ ማወቁ ለራሱም ለጎረቤቱም ሳይጠቅም ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። «የታተመ» የሚለው ቃል በነቢዩ አነጋገር የተዘጋ፥ በማኅተም የተቈለፈ ማለት ነው። በዘመናችን አነጋገር ግን «የታተመ መጽሐፍ» ማለት ከማተሚያ ቤት ወጥቶ በገበያ የሚሸጥ፥ ለሁሉ የተገለጠ መጽሐፍ ማለት ሆኗል። አንዱ ቃል ከመዘጋት ወደ መገለጥ ተሻገረ። እኛስ ከቃሉ ጋር ተሻግረናልን? መጻሕፍት በበዙበት፥ ፊደል በየሰዉ ኪስ በሚዞርበት በዚህ ዘመን መጽሐፉ ተገልጦልናልን? ወይስ እንደዚያ እንደ ፊተኛው ሰው ማንበብ እያወቅን ተዘግቶብናል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄውን ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ለአገልግሎት ስዘዋወር ሁለት ዓይነት ንግግር እሰማለሁ። አንዳንዱ ወላጅ፥ «ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ተማረ፤ ከዩኒቨርሲቲም ተመረቀ፤ አሁን ሥራ አጥቶ ከቤት ተቀምጧል። ፊደል ምን ጠቀመው?» ይላል። ሌላው ደግሞ፥ «ዛሬ ስልኩ ራሱ ይናገራል፤ ድምፄን ልኬ ድምፅ እቀበላለሁ። ማንበብ ለምኔ?» ይላል። ቀድሞ «የተማረ ይግደለኝ» ይባልበት በነበረ አገር እንዲህ ያለ ንግግር መሰማቱ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ማንበብ በአባቶቻችን ዘንድ ምን እንደ ነበረ፥ በእኛ ዘመን ምን እንደ ሆነ፥ ወደ ፊትስ ምን ሊሆን እንደሚገባው በቅደም ተከተል እንመልከት።

ማንበብ መዓርግ ነበረ

በአገራችን ሕፃን ፊደል የሚቈጥረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ከዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ከግእዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ቤት የተደረደረውን ፊደል በሥንጥር እያመለከተ ይቈጥራል፤ ቀጥሎ አቡጊዳን፥ ከዚያም የዮሐንስን መልእክት ይይዛል። መልእክቱን አንድ ጊዜ አንብቦ አይተወውም። በመጀመሪያ ፊደል በፊደል እየቈጠረ፥ ቀጥሎ በግእዝ ንባብ፥ ከዚያ በውርድ ንባብ፥ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይመላለስበታል። ተነሹንና ወዳቂውን፥ ተጣዩንና ሰያፉን፥ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ይለያል። ከዚህ በኋላ ወደ ዳዊት ይገባል። ዳዊት ሲባልም 150ው መዝሙር ብቻ አይደለም፤ የነቢያት ጸሎት፥ መኃልየ መኃልይ፥ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃንም አብረው ይገኙበታል። ልጁ ዳዊትን ባደረሰ ጊዜ ወላጆቹ እንደ ዐቅማቸው ድግስ ደግሰው መምህሩን ያመሰግናሉ፤ ጎረቤትም ይመርቃል። በቤቱ ውስጥ ጸሎት አንባቢ ተገኝቷልና።

ከዚህ በላይ መሄድ የፈለገ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በእመቤታችን ስም እየለመነ ከአገር አገር ይዞራል። የእኛ አገር በዚህ ነገር የታወቀ ነው። ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አባ ይመጣ ነበር። ቆማም የራሱ የዜማ ይትበሃል ያለው ቦታ ነው። ከጎጃም፥ ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ የመጡ ደቀ መዛሙርት በእነዚህ ጉባኤያት ዓመታት አሳልፈዋል። በሌላ አገር ድጓ የተማረ ሰው እንኳ ቤተ ልሔም ወርዶ ካላስመሰከረ መምህርነቱ የጸና አይባልለትም ነበር። አንድ ሰው አንድን መጽሐፍ በሚገባ ለማንበብ ይህን ያህል መንገድ መሄዱን ዛሬ ብዙዎች አያምኑትም።

ሥርዓቱን ስንመረምር ግን ከድካሙ የሚበልጥ ምሥጢር እናገኛለን። ቤተ ክርስቲያን ማንበብን የክህነት መዓርግ አድርጋዋለች። አናጉንስጢስ ከንኡሳን መዓርጋት አንዱ ነው፤ ስሙ ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም አንባቢ ማለት ነው። አንባቢ ተብሎ የሚሾም ሰው ለራሱ እንዲያነብብ አይሾምም፤ ለጉባኤው እንዲያነብብ ነው እንጂ። ዮሐንስም በራእዩ በምዕራፍ 1 ቍጥር 3 ብፅዕናን ሲናገር አንባቢውን በአንድ፥ ሰሚዎቹን በብዙ ቍጥር ጠርቶ በአንድነት ያመሰግናቸዋል። አንዱ ያነብባል፤ ብዙዎቹ ይሰማሉ፤ ብፅዕናው ግን የሁሉም ነው፥ የተነበበውን ቢጠብቁት።

ለዚህም የኑሮ ምክንያት ነበረው። በብራና ዘመን የፍየልና የበግ ቆዳ ታጥቦ፥ ተወጥሮ፥ ተፍቆ እስኪደርቅ፥ ቀለም እስኪበጠበጥ፥ ቁም ጸሐፊውም ዐምድ ለይቶ ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ብዙ ቆዳና ብዙ ወራት ይፈጅ ነበር። ስለዚህ በአንድ ደብር የነበረው መጽሐፍ የደብሩ ሁሉ ሀብት ነበር፤ የሚያነብበውም ሰው የመንደሩ ሁሉ ዓይን ነበር። ስንክሳሩን ያነብብ የነበረው እርሱ ነው። ከሩቅ አገር ደብዳቤ የመጣላት እናት ወደ እርሱ ትሮጥ ነበር። ዘመድ የሞተ እንደ ሆነ መርዶውን ከወረቀቱ አንብቦ በጥንቃቄ የሚያረዳው እርሱ ነበር።

ጉድለታችንንም አንሸሽግ

ዳሩ ግን ያለፈውን ስናመሰግን እውነትን መተው አይገባንም። የአስኳላ ተማሪዎች በእኛ ላይ የሚያነሡት ነቀፋ ሁሉ ሐሰት አይደለም። ብዙ ሕፃን ዳዊትን በግእዝ አጥርቶ እያነበበ ትርጓሜውን ሳያውቅ ያድግ ነበር። ትርጓሜው የሚገኘው በቅኔ ቤትና በመጽሐፍ ቤት ነውና፥ ወደዚያ ያልደረሰው ሁሉ ድምፁን ይዞ ምሥጢሩን ሳያገኝ ቀረ። ደግሞም ማንበብና መጻፍ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ነበሩ። ዳዊት ደጋሚው ብዙ ሲሆን ብርዕ መያዝ የሚያውቀው ጥቂት ነበር፤ የሚጽፈውም ሰው አንዳንድ ጊዜ ክታብ ጸሐፊ ነው፥ መተተኛ ነው እየተባለ ይፈራ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከደናግልና ከመኳንንት ሴቶች ጥቂቶቹ በቀር ሴቶች ልጆቻችን ከዛፉ ጥላ ሥር አልተቀመጡም።

በአንጻሩ ደግሞ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር ነበረ። ከመምህሮቻችን መካከል ዓይነ ሥውራን ብዙዎች ነበሩ። ፊደሉን በዓይናቸው ሳያዩ ዜማውን፥ ቅኔውን፥ ትርጓሜውንም በቃላቸው ይዘው ጉባኤ ተክለው አስተማሩ። ዓይናማው ተማሪ መጽሐፉን ገልጦ ሲሳሳት፥ መምህሩ ሳያዩ ያርሙት ነበር። ከዚህ የምንማረው፥ ፊደል የሚያይ ሁሉ ያወቀ እንዳይደለ፥ ፊደል ያላየም ሁሉ ያላወቀ እንዳይደለ ነው። ፊደል በር ነው፤ በሩን ማየትና ወደ ቤቱ መግባት የተለያዩ ናቸው።

ፊደል የእንጀራ መንገድ ሆነ

የማተሚያ ሥራ በዓለም ከተስፋፋ በኋላ የብራናው ዘመን ቀስ በቀስ አለፈ። በግእዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ ያው የእኛ ዳዊት ነው፤ የታተመውም በሮም ከተማ በ1505 ዓ.ም.፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1513 ነው። ከዚያ በኋላም በዚያው በሮም የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን የሐዲስ ኪዳንን መጽሐፍ በግእዝ አሳተሙ። በአገራችን ግን የታተመ መጽሐፍ በየቤቱ ለመግባት ብዙ ዘመን ፈጀበት። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፥ ሊቃውንቱ ነገሩን በጥርጣሬ ስላዩት መምህራኑ ከግብፅ ኦርቶዶክሳውያን እንዲመጡ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ፊደል ሁለት ቤት ሆነ፤ አንዱ የጸሎት፥ ሁለተኛው የመንግሥት ሥራ። ሰውም የትኛው እንጀራ እንደሚያበላ አየና ወደዚያው አዘነበለ። በዚህ ሰውን መውቀስ አይገባም፤ ለልጁ እንጀራ የማይሻ ወላጅ የለምና።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመላ አገሪቱ ተጀመረ። ቈይቶም በ15 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በ1972 ዓ.ም. ማብቂያ ላይም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ያን ጊዜ እኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ዳዊት እማር ነበር። እናቴም ከጎረቤቶቿ ጋር ማታ ማታ ፊደል ለመቍጠር ትወጣ ጀመር። እኔ፥ የዳዊት ተማሪ፥ «ሀሁ» ስትል ሰምቼ ሣቅሁባት። እርስዋ ግን አልተቈጣችኝም። ከጥቂት ወራት በኋላ በከሰል በግድግዳው ላይ ስሟን ጻፈች፤ ሌሊቱን ሁሉ ኵራዙን እያስጠጋች ታየው ነበር።

ይህ ደስታ ግን አልቈየም። ዘመቻው ሲበርድ በቤታችን የምታነብበው ነገር አልነበረም። የእኔ ዳዊት በግእዝ ነበር፤ ሌላ መጽሐፍም አልነበረንም። እኔም በየማታው አንድ ገጽ ላስነብባት አላሰብሁም። ፊደሉ ከዓይኗ ጠፋ፤ ስሟ ብቻ ቀረ፤ በመጨረሻም ስሟን መጻፍ ተቸገረች። የእርሷ ዕድል የብዙዎች ዕድል ነበር። ፊደል እንደ እርሻ ነው፤ አንድ ጊዜ ታርሶ ከተተወ ዳዋ ይውጠዋል። ሰውን ፊደል ማስቈጠር የአንድ ዘመቻ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ሰውን አንባቢ አድርጎ ማቈየት ግን የጎረቤት ሥራ ነው።

ስለ አንዲት ወረቀት

አሁን ስለ ራሴ በደል እናገራለሁ። ይህን የምጽፈው ለትሕትና ብዬ ሳይሆን፥ ከእኔ በኋላ ሌላ ካህን እንዳይደግመው ነው።

ከዓመታት በፊት የክርስትና እናቴ የነበሩ፥ ባላቸው ሞቶ ቆብ የደፉ አንዲት እማሆይ ነበሩ። ጉልበት ስላጡ መሬታቸውን ለአንድ ሰው ሊያከራዩ ተስማሙ። ሰውየው ውሉን ጽፎ አመጣ፤ እማሆይም እኔን አስጠሩኝ። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ በሰንበቴ አብረን እንበላለን፤ ከማኅበር የማይለይ ሰው ነው። ወረቀቱ በኮምፒዩተር የተጻፈ፥ ንጹሕና ረጅም ነበር። እኔ ከላይ አርእስቱን፥ ከታች የፊርማውን ቦታ አየሁ። እማሆይም፥ «አባቴ፥ ወረቀቱ ምን ይላል?» አሉኝ። እኔም፥ «ደኅና ነው» አልኋቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ፤ እኔም ምስክር ሆኜ ፈረምሁ።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ እማሆይ የልጅ ልጃቸው ለዐቅመ አዳም ስለ ደረሰ መሬቱን ሊያርስ ነው አሉ። በቃል የተስማሙት ለሁለት ዓመት ነበርና። ሰውየው ወረቀቱን አወጣ። በሽማግሌ ፊት ሲነበብ ዐሥር ዓመት ይላል። ከሥሩም የማን ፊርማ አለ? የእኔ። በጉባኤ ቤት አንድ ፊደል ጠበቀ ላላ ብዬ ተማሪ ስገሥጽ የኖርሁ ሰው፥ «ዐሥር» የሚለውን ቃል ሳላነብብ ፈርሜበታለሁ።

ሽማግሌዎቹ ብዙ ደክመው ዘመኑን አሳጠሩላቸው። ነገር ግን ልጁ እርሻ አጥቶ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ተሰዶ ነበር፤ አልተመለሰም። እማሆይ አልረገሙኝም፤ አልከሰሱኝምም። አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «አባቴ፥ እርስዎን ያስጠራሁ ለፊርማዎ አልነበረም፤ ለዓይንዎ ነበር» አሉኝ።

አባቶቼና ወንድሞቼ ሆይ፥ በኢሳይያስ ትንቢት ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ሰው ማን እንደ ሆነ በዚያ ቀን ዐወቅሁ። መጽሐፉን የሰጡት ማንበብ ለሚያውቅ ሰው ነበር። ደግሞም የእኔ ወረቀት ማኅተም እንኳ አልነበረውም፤ ክፍት ነበር። የዘጋብኝ ስንፍናና ይሉኝታ ነው። «ልንበበው» ብል ወዳጄን የጠረጠርሁት እንዳይመስለው ፈራሁ። ለአንድ ሰው ክብር ስል የአንዲት መበለት ዓይን መሆኔን ተውሁ።

ፊልጶስ ከሠረገላው ላይ ወጣ

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ማንበብ በዘመናችን ዋጋው ወረደን? ስለዚህ ነገር የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የአገራችንን ሰው አቅርቦ ያስተምረናል። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የንግሥቲቱ የሕንደኬ ባለሟል፥ በገንዘቧም ሁሉ ላይ የተሾመ ሰው ነበር። ማንበብ ያስገኘዋል የሚባለው ነገር ሁሉ፥ ሹመትም ሀብትም፥ በእጁ ነበረ። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ግን በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብብ ነበር። ይህ ሰው ያነብብ የነበረው እንጀራ ፈልጎ አልነበረም።

ፊልጶስ ወደ ሠረገላው በቀረበ ጊዜ የሚያነብበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባው አላፈረም፤ የሚመራው ሰው ሳይኖር ማስተዋል እንደማይችል ተናገረ፤ ፊልጶስም ወጥቶ አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ዓይነት ትሕትና አለ። የተሾመው ሰው አለማወቁን ገለጠ፤ ዐዋቂውም በምድረ በዳ መንገድ ሮጦ ሠረገላ ላይ ወጣ፤ ከመጽሐፉም ጀምሮ ተረጐመለት። ፊልጶስ መጽሐፉን ከሩቅ አይቶ «ደኅና ነው» ብሎ አላለፈም። ንባቡም በቃል ብቻ አልቀረም፤ ወደ ውኃው ወርደው በጥምቀት ተፈጸመ።

እንግዲህ «ልጄ ተምሮ ሥራ አጣ» ለሚለው ወላጅ መልሳችን ይህ ነው። ወንድሜ ሆይ፥ ኀዘንህ እውነት ነው፤ ሥራ ማጣት ከባድ ነው። ነገር ግን የፊደልን ዋጋ በደመወዝ ብቻ የመዘንነው እኛ ነን፤ ደመወዙ ሲቀር ፊደሉም የቀረ መሰለን። ልጅህ የመንደሩን ውል ማንበብ ይችላል፤ የመድኃኒቱን መመሪያ ለአሮጊቶች ማንበብ ይችላል፤ የማዳበሪያውን ጽሑፍ ለገበሬው መተርጐም ይችላል። ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ዓይን ይሁን። ይህ እንጀራ አይሆነውም፤ ነገር ግን ከንቱ ነኝ እንዳይል ያደርገዋል።

«ስልኩ ይናገራል፤ ማንበብ ለምኔ?» ለሚለውም እንዲህ እንላለን። ስልኩ የሰውን ድምፅ ያመጣልሃል፤ ውሉን ግን አይመረምርልህም። ደግሞም በስልክ የሚመጣው ሁሉ እውነት አይደለም። ብራና ብርቅ በነበረበት ዘመን ሰው የሚቸገረው የሚያነብበው በማጣት ነበር። ዛሬ ግን ጽሑፍ እንደ ጎርፍ ይመጣል፤ ሰውም የቱን ማመን እንደሚገባው በማጣት ይቸገራል። ያን ጊዜ የከበረው አንባቢው ነበር፤ ዛሬ የሚከብረው አስተዋዩ ነው። በአንድ ወሬ ወንድም በወንድሙ ላይ ሲነሣ አይተናል፤ ወሬውን ለሌላ ያስተላለፉት ሰዎች ግን ብዙዎቹ እስከ መጨረሻው እንኳ አላነበቡትም ነበር። ይህም ያው የእኔ ኀጢአት ነው፤ ሳያነብቡ መፈረም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ ካህን ሆይ፥ ሳታነብብ አትፈርም፤ ሳታነብብም «ደኅና ነው» አትበል። ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ከቅዳሴ በኋላ ተቀበለው፤ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብብለት፤ ዘመኑን፥ ገንዘቡንና ወሰኑን ሁለት ጊዜ ድገምለት። ያልገባህ ቃል ቢኖር «አልገባኝም» ብለህ የሚያውቀውን ጠይቅ። ጃንደረባው ይህን ለማለት አላፈረም፤ እኛም አንፈር።

ሁለተኛ፥ ዛፉ አሁንም በቦታው አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ሕፃናት ፊደል ሳይቈጥሩ ዓመታት አልፈውባቸዋል። ለአባቶቻችን ጉባኤ ጣራ፥ ወንበርና በጀት አላስፈለገውም ነበር። አንድ የኔታ፥ አንድ የፊደል ገበታ፥ ጥቂት ቆሎ ይበቃ ነበር። እያንዳንዱ ደብር ትምህርት ቤት ለተዘጋባቸው ሕፃናት፥ ወንዱንም ሴቱንም ሳይለይ፥ በየቀኑ አንድ ሰዓት ፊደል ቢያስቈጥር ለአስኳላው ተወዳዳሪ ሳይሆን ድልድይ ይሆናል። የእናቶቻችን ጉድለት በልጆቻችን እንዳይደገም ሴቶቹን ልጆች አስቀድመን እናስቀምጥ።

ሦስተኛ፥ ንባብን ከትርጓሜ አንለይ። ካህኑ ዕዝራ በነህምያ መጽሐፍ በምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈው ሕጉን በሕዝቡ ፊት ባነበበ ጊዜ፥ ሌዋውያን ከእርሱ ጋር ሆነው ምሥጢሩን ያስረዱ ነበር፤ ሕዝቡም ያስተዋሉት ሲያነብቡላቸውና ሲተረጕሙላቸው ነው። ልጁ ዳዊት ሲያደርስ ትርጓሜውን ቅኔ ቤት እስኪገባ ድረስ አናቈየው፤ ዛሬ ያነበበውን መዝሙር ዛሬውኑ በአማርኛ ንገሩት። እንዲሁም ብርዕ አስይዙት፤ የሚያነብብ ሁሉ ይጻፍ።

አራተኛ፥ የአስኳላ ተማሪዎች ሆይ፥ እናንተም ወደ እኛ ቅረቡ። ለካህኑ የስልኩን ነገር፥ የቅጹን አሞላል አሳዩት፤ ከእርሱም የአንድምታውን ስልት ተማሩ። አንድን ቃል ይዞ «እንዲህም ቢሉ፥ እንዲህም ቢሉ» እያለ ከሁሉ አቅጣጫ የሚመረምር ትምህርት በዚህ የወሬ ጎርፍ ዘመን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ስትቀርቡት ታዩታላችሁ።

አምስተኛ፥ በየቤታችን አንድ ሰው ከእኛ ያነሰ ያነብባል። እናት ይሆናል፤ ሠራተኛ ይሆናል፤ ሕፃን ይሆናል። ማታ ማታ አንድ ገጽ አብረን እናንብብ። እኔ ለእናቴ ያላደረግሁት ይህ ነው፤ አሁን ባስበው ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም ነበር።

የተወደዳችሁ ሆይ፥ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ በምዕራፍ 3 ምእመናንን በልብ ላይ የተጻፉ፥ ሰው ሁሉ የሚያነብባቸው መልእክት አድርጎ ይጠራቸዋል። እንግዲህ ፊደል የማያውቀው ሰው እንኳ የሚያነብበው አንድ መጽሐፍ አለ፤ እርሱም የእኛ ኑሮ ነው። እማሆይ ወረቀቱን ማንበብ አልቻሉም፤ እኔን ግን አነበቡኝ። ያነበቡትም አላስደሰታቸውም። በመጨረሻው ቀን መጻሕፍት ሲገለጡ ስንት ገጽ እንዳነበብን ሳይሆን ለማን እንዳነበብንለት የምንጠየቅ ይመስለኛል። እማሆይ ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ወረቀት ይዞ ሲመጣ ቃላቸው በጆሮዬ ይሰማኛል፤ ተቀምጬም እስከ መጨረሻው አነብባለሁ።

የተዘጋውን መጽሐፍ ይፈታ ዘንድ የሚገባው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ለእኛ ለአንባቢዎች የሚያስተውል ልብ፥ ለሰሚዎች የሚጠብቅ ሕሊና ይስጠን፤ ሕፃናቶቻችንን ወደ ጉባኤያቸው ይመልስልን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ያድልልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።